የመኪና አደጋ ካሳ በቨርጂኒያ፦ 17,500 ዶላር አቅርበዋል፣ ይፈርም ወይስ ይቆይ?

ቤዛ (ስፕሪንግፊልድ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የወንድሜን ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት። ማርች 2025 ላይ ኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞት እንደቆመ ከኋላ መጥተው ገጩት። የፖሊስ ሪፖርት አለ፣ ቲኬት የተቆረጠውም ለገጪው ነው። ወንድሜ ኡበር ነጂ ነው፤ ያን ሰዓት ግን አፑን ዘግቶ ወደ ቤት እየገባ ነበር።

የሕክምናው ቢል እንዲህ ነው፦ አምቡላንስ 900፣ ድንገተኛ ክፍል 6,400፣ ኤምአርአይ 1,900፣ የአጥንት ሐኪም 840፣ ፊዚካል ቴራፒ 24 ጊዜ በ165 ዶላር ሒሳብ 3,960። ድምሩ 14,000 ዶላር። ኤምአርአዩ አንገቱ ላይ ሁለት ዲስኮች ከቦታቸው ወጣ ማለታቸውን ያሳያል፤ ግራ እጁን ይደነዝዘዋል። ሰባት ሳምንት ሥራ አልወጣም። ቴራፒውን ጨርሷል፤ ሕመሙ ቀነሰለት እንጂ አለቀቀውም።

የገጪው ኢንሹራንስ 17,500 አቀረበ። አጀስተሯ (የካሳ ጥያቄውን የምትመረምረው የኢንሹራንሱ ሠራተኛ) "የጤና ኢንሹራንሱ ለሆስፒታሉ የከፈለው 2,600 ብቻ ስለሆነ የምንቆጥረው እሱን ነው፤ ገቢውም በታክሱ ላይ ትንሽ ነው" ትላለች። ሰው ሁሉ ደግሞ "የሕክምናው ሦስት እጥፍ ነው የሚከፈለው" ይላል። የቱ ነው ትክክል? ከሚሰጠው ገንዘብ ላይስ ማን ማን ይቆርጣል? ጠበቃ ገና አልያዘም።


የክሌይም ፋይል

ቤዛ፣ ሦስት እጥፍ የሚባለውን እርሺው። ሕግ ላይም የለም፣ አጀስተሯም በሱ አትሠራም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፋይሉን እንደ ኮሎሰስ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ነው የሚያስገቡት። ፕሮግራሙ የሚያነበው የምርመራ ኮዶችን፣ የሕክምናውን ዓይነትና ርዝመት፣ በመሃል የተዘለሉ ሳምንታትን፣ ሐኪሙ በእጁ መርምሮ ያገኘውን ምልክት ነው። "አንገቴን ያመኛል" የሚል ወረቀትና "አንገቱ ወደ ግራ 40 ዲግሪ ብቻ ይዞራል፣ ጡንቻው ተኮማትሯል፣ ግራ አውራ ጣቱ ላይ ስሜት ቀንሷል" የሚል ወረቀት እኩል አይመዘኑም። ሁለተኛው ብዙ ሺህ ዶላር ይጨምራል፤ ሕመሙ ያው አንድ ቢሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርጉት የእጁ መደንዘዝ ሐኪሙ ማስታወሻ ላይ በቀን በቀኑ መጻፉን ማየት ነው። ካልተጻፈ ለአጀስተሯ የለም።

ዋጋ የሚያወርዱትም የታወቁ ናቸው። ከአደጋው በኋላ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ብዙ ቀን መቆየት፣ በሕክምናው መሃል ሦስት አራት ሳምንት መዝለል፣ ወራት ሙሉ ኪሮፕራክተር (አከርካሪን በእጅ የሚያስተካክል ባለሙያ) ጋ ብቻ መመላለስ፣ መኪናው ላይ የጭረት ያህል ጉዳት የሚያሳይ ፎቶ፣ ከአደጋው በፊት በነበሩ ዓመታት ስለ አንገት ለቤተሰብ ሐኪም የተነገረ ቅሬታ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ኤምአርአይ ላይ ደግሞ የዕድሜ መበላላት ያልታየበት ጥቂት ነው፤ አጀስተር ያቺን መስመር ፈልጎ "ይሄ አሮጌ ነው" ይላል። መልሱ ከአጥንት ሐኪሙ የሚወጣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፦ አደጋው ሕመሙን እንዳመጣው ወይም የነበረውን እንዳባባሰው፣ ይህም ካልሆነ ይልቅ የመሆኑ ዕድል እንደሚበልጥ፣ ወደፊትም ምን ሕክምና እንደሚያስፈልገው። በቨርጂኒያ የነበረ ሕመም ቢባባስም የተባባሰው ያህል ይካሳል። ሐኪሞች ለዚህ ደብዳቤ ያስከፍላሉ፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው ወጪ እሱ ነው።

አሁን ወደ 2,600ው። ይሄ በቨርጂኒያ አይሠራም። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000 እንደወሰነው ሆስፒታሉ ለጤና ኢንሹራንሱ ብሎ የሰረዘው ሒሳብ ገጪውን አይጠቅምም፤ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ሙሉው ቢል ነው። ስለዚህ የምንነሳው ከ14,000 ነው። የሥራውን ሰባት ሳምንት ስትጨምሩበት በወረቀት የሚታየው ኪሳራ ብቻ ከቀረበው 17,500 ይበልጣል፤ ማለት ለሕመሙና ለእጁ መደንዘዝ ዜሮ ነው የሰጡት። በእኔ ግምት የሐኪሙ ደብዳቤ ከተያያዘ ከ30 ሺህ በታች የሚፈረም ጉዳይ አይደለም። ዲስኩ መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው፤ ያ ሳይታወቅ ምንም አትፈርሙ።

ጣሪያውም አለ፤ ሊሚት የሚባለው፣ የገጪው ኢንሹራንስ ቢበዛ የሚከፍለው መጠን ማለት ነው። ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ በወጡና በታደሱ የኢንሹራንስ ፖሊሲዎች የቨርጂኒያ ዝቅተኛው ሊሚት ለአንድ ሰው 50,000፣ ለአንድ አደጋ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ነው። ከዚያ በፊት የታደሰ ከሆነ 30፣ 60 እና 20 ሺህ ነበር። አደጋው ማርች ላይ ስለሆነ የገጪው ፖሊሲ መቼ እንደታደሰ ወሳኝ ነው፤ ለአንዳንዱ ሰው 30 ሺው ገና አላለፈም ነበር።


ሒሳብ ሠሪው (አሌክሳንድሪያ)

ስለ ገቢው ልጨምር። ኡበርና ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ነው በጣም የሚጎዱት።

አጀስተሯ ያየችው ስኬጁል ሲ (በግሉ የሚሠራ ሰው ገቢና ወጪውን የሚሞላበት የታክስ ቅጽ) ላይ የቀረውን የተጣራ ትርፍ ነው። ምሳሌ ላስቀምጥ። ከአደጋው በፊት በሳምንት አማካይ 1,350 ዶላር እጁ ይገባ ነበር እንበል፣ በሳምንት 900 ማይል እየነዳ። በ2024 ታክስ በማይል 67 ሳንቲም ስለሚቀነስ 603 ይወጣል፤ ወረቀት ላይ የሚቀረው 747 ነው። በሰባት ሳምንት 5,229። ግን መኪናው በቆመበት ሰባት ሳምንት ውስጥ ከኪሱ በርግጥ ያልወጣው ምንድን ነው? ቤንዚን 30 ጋሎን፣ ወደ 100 ዶላር። ዘይትና ጎማ ሲታሰብ ሌላ 50። የመኪናው ኢንሹራንስና የወር ክፍያው ሳይነዳም ይከፈላል። በዚህ ስሌት የጠፋው በሳምንት 1,200፣ በሰባት ሳምንት 8,400 ይሆናል። አጀስተሯ "መኪናውም በዚያ ጊዜ አላረጀም" ብላ ትከራከራለች፣ ትንሽ እውነትም አላት። መሃል ላይ ነው የሚያልቀው። ዋናው ነገር ስሌቱን እናንተ ሠርታችሁ ማቅረባችሁ ነው፤ ካላቀረባችሁ የሷ ቁጥር ይጸናል።

ማስረጃው ከአፑ የሚወርደው የየሳምንቱ የገቢ ዝርዝር ነው፤ ከአደጋው በፊት ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል ዓመት። 1099-ኬ (ኡበር የሚልከው የዓመት ገቢ ቅጽ) ላይ ያለውን ድምር አታቅርቡ፤ እሱ ተሳፋሪው የከፈለውን ሁሉ፣ ኡበር የወሰደውን ጭምር ስለሚይዝ ከስኬጁል ሲ ጋር ሲያስተያዩት የተጋነነ ይመስላል። ከዚያ የሐኪም ወረቀት፦ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን መንዳት አይችልም" የሚል። ይሄ ወረቀት ከሌለ ሰባቱ ሳምንታት የራሱ ዕረፍት ተደርገው ይታያሉ። ሐኪሙ በጊዜው ካልጻፈው አሁንም ከፋይሉ ተነስቶ መጻፍ ይችላል፣ ግን ክብደቱ ይቀንሳል።

ታክስ ላይ ያልገባ የጥሬ ገንዘብ ገቢ ካለ አትጥቀሱት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደ በመሐላ ነው የሚጠየቀው።

ካሳው ራሱ በአካል ጉዳት ምክንያት እስከሆነ ድረስ የፌዴራል ገቢ ታክስ የለበትም፣ የጠፋው ደመወዝ ክፍልም ጭምር። ወለድ ካለበት ወለዱ ይታሰባል።


ሜዲካል ቢሊንግ

ቤዛ፣ ማን ይቆርጣል ላልሽው፣ በቅድሚያ የወንድምሽ የጤና ኢንሹራንስ ምን ዓይነት ነው? ከማርኬትፕሌስ (ሰው በግሉ የጤና ኢንሹራንስ ከሚገዛበት የመንግሥት ገበያ) የተገዛ ወይም አሠሪው ከኢንሹራንስ ኩባንያ የገዛው ከሆነ በቨርጂኒያ ሕግ ከካሳው ላይ መልሱልኝ ማለት አይችልም። ይሁንና ደብዳቤ ይልካሉ። ደብዳቤው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከኢንሹራንሱ ራሱ ሳይሆን ገንዘብ ከሚያስመልስ ሌላ ድርጅት ነው፤ ሰው ደንግጦ ይከፍላል። አትክፈሉ፣ የፕላኑን ሰነድ ላኩልን በሉ። ልዩነቱ እዚህ ነው፦ አሠሪው ራሱ ከኪሱ የሚከፍልበት ፕላን ከሆነ የፌዴራል ሕግ ስለሚገዛው ማስመለስ ይችላል። ሜዲኬር (የአዛውንቶች)፣ ሜዲኬድ (የዝቅተኛ ገቢ) እና የፌዴራል ሠራተኞች ፕላንም እንደዚያው። ሜዲኬድ ላይ ያለ ሰው ሳያሳውቅ ገንዘቡን ቢበላ በኋላ ይከተለዋል፤ ቀድሞ ከተጠየቀ ግን መጠኑ ሊቀነስ ይችላል።

ቀጥሎ ያልተከፈሉ ሐኪሞች። በቨርጂኒያ ሕግ በካሳው ላይ የሚያርፈው ሊየን ለአንድ ሆስፒታል እስከ 2,500፣ ለአንድ ሐኪም ወይም ፊዚካል ቴራፒስት እስከ 750፣ ለአምቡላንስ እስከ 200 ዶላር ነው። ይህ ማለት የቀረው ዕዳ ተሰረዘ ማለት አይደለም! ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ሊየኑ ካሳው ላይ ያለው መያዣ ነው፤ ከዚያ የተረፈው በሽተኛው ላይ ይቆያል። ቴራፒ ቤቱ "ከካሳህ እንቀበላለን" ብሎ የመጀመሪያው ቀን ወረቀት አስፈርሞት ከሆነ ደግሞ ሙሉውን 3,960 ከካሳው ሊጠይቅ ይችላል። ግን ይደራደራሉ። ገንዘቡ ሳይከፋፈል በፊት ደውሎ "ካሳው ይህን ያህል ነው፣ ሁላችሁም ተቀናሽ እያደረጋችሁ ነው" ሲባል ሲሶ ያህል መቀነስ የተለመደ ነው። ቅናሹን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በስልክ የተባለ ቅናሽ ከስድስት ወር በኋላ ኮሌክሽን (ዕዳ አስከፋይ ድርጅት) ሆኖ ይመጣል።

ሁለቱን አማራጮች እጅ ላይ በሚቀረው እንያቸው። ቴራፒው 3,960፣ ለሆስፒታልና ለኤምአርአይ ከኪሱ የሚከፍለው ዲዳክቲብል 1,900፣ አምቡላንስ 900 ይሁን። 17,500ውን ቢፈርም የሚተርፈው 10,740 ነው። በጠበቃ 36,000 ቢያልቅ ጠበቃው ሲሶውን 12,000፣ የሰነድ ወጪ 350፣ ቴራፒ ወደ 2,600 ወርዶ፣ ዲዳክቲብል 1,900፣ አምቡላንስ 900፤ የሚተርፈው 18,250። ጠበቃው ከቴራፒው ያስቀነሰው ገንዘብ ራሱ ቀላል እንዳይመስልሽ።


ቤዛ (ስፕሪንግፊልድ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የጤና ኢንሹራንሱ ከማርኬትፕሌስ ነው። አጀስተሯ ሪሊዙን (ከዚህ ሌላ አልጠይቅም ተብሎ የሚፈረመውን ወረቀት) በኢሜይል ልካለች፤ እስከ ዐርብ ድረስ ካልፈረመ ያቀረቡት ገንዘብ ይነሳል ትላለች። ሊሚቱን ስንጠይቃት ደግሞ አልናገርም አለች። የራሱ ኢንሹራንስስ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ይገባል?


ሊሚትና ሪሊዝ

ይገባል፣ በሁለት በኩል።

አንደኛ ሜድፔይ። ፖሊሲው የመጀመሪያ ገጽ ላይ እዩ። ጥፋተኛ ማንም ይሁን ማን የሕክምናውን ቢል እስከ ገዛው መጠን ይከፍለዋል፣ በቨርጂኒያም ከካሳው ላይ መልስ አይባልም። ማለት ለአንድ ቢል ከሁለት ቦታ መቀበል ይቻላል፤ ነውር የለበትም፣ ፕሪሚየም ከፍሎበታል። ገቢ የሚተካውን ክፍልም ገዝቶ ከሆነ በሳምንት እስከ 100 ዶላር እስከ አንድ ዓመት አለ።

ሁለተኛ ዩአይኤም፣ ማለትም የገጪው ኢንሹራንስ ሳይበቃ ሲቀር የራስ ኢንሹራንስ የሚሞላው። በጽሑፍ ካልቀነሰው በቀር መጠኑ ከራሱ ሊሚት እኩል ነው። ከጁላይ 1፣ 2023 ወዲህ በወጡ ወይም በታደሱ ፖሊሲዎች ደግሞ የገጪው ሊሚት ላይ ይደመራል እንጂ አይቀናነስም፣ እሱ ራሱ ሌላውን አማራጭ ካልመረጠ። ስለዚህ ገጪው 50 ሺህ ቢኖረውና ወንድምሽ 100 ሺህ ቢኖረው ከፊቱ ያለው 150 ሺህ ነው። ይሄ ዛሬ ላያስፈልገው ይችላል፤ ዲስኩ ቀዶ ሕክምና ከጠየቀ ግን ያስፈልገዋል። እዚህ ጋ ነው ሪሊዙ አደገኛ የሚሆነው። አጠቃላይ ሪሊዝ ለራሱ ኢንሹራንስ ሳያሳውቅ ከፈረመ የዩአይኤም መብቱን ሊያጣ ይችላል። ከገጪው ሙሉ ሊሚቱን ተቀብሎ ዩአይኤሙን የሚያስጠብቅ በሕጉ የተደነገገ ልዩ አካሄድ አለ፤ አጀስተሯ የላከችው ወረቀት በርግጠኝነት ያ አይደለም።

ሊሚቱን በተመለከተ፣ ክስ ሳይመሠረት በፊት ጠበቃው የአደጋውን ሪፖርት፣ የክሌይም ቁጥሩን፣ የሕክምና ሰነዶቹንና የገቢ ማስረጃውን አያይዞ በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ የሕክምናውና የገቢው ድምር 12,500 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኢንሹራንሱ በ30 ቀን ውስጥ ሊሚቱን መግለጽ አለበት። የናንተ ድምር ከዚያ ይበልጣል።

ዐርብ የሚባለውን አትፍሩት። እውነተኛው ቀነ ገደብ አንድ ነው፦ አደጋው ከደረሰበት ቀን ሁለት ዓመት። በዚያ ቀን ውስጥ ክስ ፍርድ ቤት መግባት አለበት፤ ከአጀስተር ጋር ኢሜይል መጻጻፍ ሰዓቱን አያቆመውም። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሲል "እያየነው ነው" እያሉ የሚያዘገዩ አሉ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ድምፃቸውም አይሰማም። የመኪናው ጉዳት አምስት ዓመት አለው፤ ሁለቱን አታምታቱ። የመኪናው ክፍያም ከአካሉ ካሳ ተለይቶ ሊዘጋ ይችላል፣ የሚፈርመው ወረቀት ስለ ንብረት ብቻ መሆኑን አንብቦ።

በድምፅ የተቀረጸ ቃል ሰጥቶ ካልሆነ አሁንም አይስጥ። ቨርጂኒያ ውስጥ ተጎጂው 1 በመቶ ጥፋት ከተገኘበት ምንም አያገኝም። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ለተገጨ ሰው ይሄ ብዙ አያሰጋም፣ ሆኖም "ፍሬንህን ድንገት ነው የያዝከው? ስልክህ የት ነበር?" የሚሉት ጥያቄዎች የሚጠየቁት ለዚያ ነው። ሜሪላንድም ሕጉ ያው ነው፤ ዲሲም ለነጂዎች ያው፣ እግረኛና ብስክሌተኛ ግን በ2016 በወጣ ሕግ ከፊል ጥፋት ቢኖርባቸውም ይካሳሉ። ሁለቱ ጋ ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመድ "ሦስት ዓመት አለህ" ቢለው ለሱ አይሠራም፣ አደጋው ቨርጂኒያ ነው የደረሰው።


የክሌይም ፋይል

ጠበቃ ላይ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። አምስት ሺህ የማይሞላ ቢል ያለውና ሙሉ በሙሉ የዳነ ሰው ራሱ ቢጨርሰው ይሻለዋል፤ ሲሶው ከሱ ኪስ ነው የሚሄደው። እዚህ ግን ዲስክ፣ የእጅ መደንዘዝና ያላለቀ ሕመም ስላለ ይያዝ። ሲይዝ ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ክስ ከተመሠረተ ሲሶው ወደ 40 በመቶ ይወጣል ወይ፣ ወጪው ከጠበቃው ድርሻ በፊት ነው በኋላ የሚቀነሰው፣ ሜድፔዩን ለማስከፈልም ድርሻ ይወስዳል ወይ። የሦስተኛው መልስ "አንወስድም" መሆን አለበት፤ ፎርም መሙላት ነው።

የጥያቄ ደብዳቤው ሲላክ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ቢሉ ነው። የሕክምና መዝገብና ቢል ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ናቸው፣ ከሁለት የተለያዩ ክፍሎች ነው የሚጠየቁት። ከሆስፒታሉ ዩቢ-04፣ ከሐኪሙ ሲኤምኤስ-1500 የተባሉትን በኮድ የተሞሉ ቅጾች ጠይቁ፤ ቤት የሚላከው "የቀረብዎ ሒሳብ" የሚለው ወረቀት ሙሉውን ቢል ስለማያሳይ አጀስተር ይጥለዋል። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪምና የኤምአርአዩ አንባቢ ከሆስፒታሉ ተለይተው ቢል ይልካሉ፤ ቤዛ፣ ዝርዝርሽ ላይ ሁለቱም የሉም። 14,000ው ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል ፈልጓቸው። በዚህ ላይ ኤፍአር-300 የተባለው የፖሊስ ሪፖርት፣ የመኪናው ፎቶዎች፣ የገቢው ስሌት፣ የሐኪሙ ደብዳቤ፤ የ30 ቀን ጊዜ ሰጥቶ መላክ።

ካልተስማሙ እስከ 50,000 ዶላር ያለው የአካል ጉዳት ክስ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት (የታችኛው ፍርድ ቤት) ሊቀርብ ይችላል። ጁሪ የለም፣ ዳኛው በአንድ ቀን ይሰማል፣ የሐኪሙ ሪፖርት በመሐላ ተረጋግጦ ስለሚገባ ሐኪሙን ለማስመስከር ሺዎች አይወጡም። ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ሰርኪዩት ኮርት ነው፤ እዚያ ወጪውም ጊዜውም ይበዛል። የመጀመሪያው ፍርድ ያልተመቸው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብሎ ጉዳዩን ሰርኪዩት ኮርት እንደገና ማሰማት ይችላል፣ ኢንሹራንሱም ጭምር።


ቤዛ (ስፕሪንግፊልድ)

የኤምአርአዩ አንባቢ ቢል ተገኘ፣ 420 ዶላር ነው፤ የድንገተኛ ክፍሉን ሐኪም ነገ እንደውላለን። ሪሊዙን አልፈረመም። የራሱ ፖሊሲ ላይ ሜድፔይ 5,000፣ ዩአይኤም 100,000 ይላል።


ሊሚትና ሪሊዝ

እንግዲያው ሜድፔዩን ዛሬውኑ ክፈቱት፣ የገጪውን ጉዳይ ሳይጠብቅ ይከፍላል። ቼኩ ሲመጣ በወንድምሽ ስም መሆኑን እዩ፤ ቴራፒ ቤቱ የፈረመበትን ወረቀት ይዞ በቀጥታ ለራሱ እንዲላክ ከጠየቀ ከላይ የተባለውን ቅናሽ ከመደራደራችሁ በፊት 3,960ው ሙሉ ይወሰዳል።